እማዬና ቬክተርስኮፑ የተስማሙ ለት

«ልጅቷ አሟታል እንዴ?»

እማዬ ናት። ቡና ይዛልኝ ገብታ ከወንበሬ ጀርባ ቆማለች። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔ ደም እስኪመስል ከለር የሠራሁለትን (ቀለሙን ያስተካከልኩለትን) የዘፈን ክሊፕ እያጫወትኩ ነው። ዘፋኟ በአካል ስታዩዋት ፊቷ የሚያበራ ጠይም ልጅ ናት። እማዬ ስኒውን አስቀመጠችና ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «ወይቧል እኮ ፊቷ። ጉበት እንዳይሆን፤ ትመርመር በያት።»

ሳቅኩ። ከዚያ ግን ነገሩ ከነከነኝና ቬክተርስኮፕ የሚባለውን ክብ ሰሌዳ ከፈትኩ። ሰሌዳው ላይ የሰው ቆዳ ቀለም የሚያርፍበት አንዲት መስመር አለች። ጠይም ሁን፣ ቀይ ሁን፣ ፈረንጅ ሁን፣ የጤነኛ ሰው ቆዳ እዚያች መስመር አካባቢ ነው የሚወድቀው። የእኔ ዘፋኝ መስመሩን ለቃ ወደ ቢጫና አረንጓዴው ተጋድማለች። ሁለት ቀን አፍጥጬ ያላየሁትን እማዬ ቡና ይዛ ስትገባ አየችው። ዓይን ስክሪን ላይ ሲቆይ ይለምዳል፤ የታመመው ፊት ጤነኛ መስሎ ይታየዋል። ሰሌዳው ግን አይለምድም።

ዛሬ የምጽፈው ይህን ሰሌዳ ስለያዘው ሶፍትዌር ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይባላል፤ ቪዲዮ የሚቆረጥበትና ከለር የሚሠራበት ነው። ነጻውን ቅጂ ከጫንኩ አምስት ወር አልፎኛል። ሁለት የዘፈን ክሊፕ ሠርቼበታለሁ፤ ሠርጉን አልቆጠርኩም። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሠራሁት በሌላ ፕሮግራም ነበር፤ በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ በተሰበረ ቅጂ። እዚህ ከተማ ውስጥ «እኔ ከፍዬ ነው የምጠቀመው» የሚል ኤዲተር ካገኛችሁ አስተዋውቁኝ። ያ ክራክ አንድ ቀን የሦስት ሳምንት ሥራዬን ይዞ ገደል ገባ። ማንን ትከሳለህ? ነጻም ሕጋዊም የሆነ ነገር ፍለጋ የወጣሁት ያን ሰሞን ነው።

ነጻ ሲባል የልጆች መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ዳ ቪንቺ በ1984 ፍሎሪዳ ውስጥ የተቋቋመ ኩባንያ ስም ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የከለር ማሽኖቹ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነበር የሚሸጡት፤ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ካልሆኑ በቀር ማንም አይደርስባቸውም። በ2009 ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ገዛው። በሚቀጥለው ዓመት ሶፍትዌሩን ብቻውን በ995 ዶላር አወጣ፤ በ2011 ደግሞ ነጻ ቅጂ ለቀቀ። እኔ አሁን መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ የምጠቀምበት ነገር ያ ነው።

የድምፅ ክፍሉ ስም ደግሞ ፌርላይት ነው። እሱንም በ2016 ገዝተው ነው የጨመሩት። ፌርላይት ማለት በ1979 ከሲድኒ የወጣው፣ ማንኛውንም ድምፅ ቀድቶ በኪቦርድ የሚያጫውተው ዝነኛ ማሽን ስም ነው። ከመጀመሪያዎቹ ባለቤቶቹ አንዱ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ፒተር ገብርኤል ነበር። ይኸው ሰውዬ በ1986 ለ«ስሌጅሃመር» ክሊፑ መስታወት ሥር ተጋድሞ 16 ሰዓት ፍሬም በፍሬም (አንድ አንድ ሥዕል እየተነሣ) ተቀርጿል። እኛ ዘፋኝ ሁለት ሰዓት ካቆምን «ላይቱ ገና ነው? ሰው ይጠብቀኛል» ይባላል።

መጀመሪያ ያደረግኩት የሰው ሥራ መፍታት ነው። ሬዲዮ እየፈታ እንደተማረ ልጅ። ሪዞልቭ አንድ ያለቀ ቪዲዮ ስትሰጡት ቁርጦቹ (አንዱ ሾት አልቆ ሌላው የሚጀምርባቸው ቦታዎች) የት የት እንዳሉ ራሱ ፈልጎ የሚያወጣበት መሣሪያ አለው፤ ሚዲያ ገጽ ላይ ነው። ከሰው በፊት የራሴን ልሞክር ብዬ ከሦስት ዓመት በፊት የሠራሁትን ክሊፕ ሰጠሁት። ርዝመቱ 4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ነው። 212 ቁርጥ አወጣልኝ።

አስሉት። አንዱ ሾት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ከምናምን ነው የቆየው። በክሊፑ ሙሉ ዓይን የሚያርፍበት አንድም ቦታ የለም። ደንበኛው «ፈጠን ይበል፣ ሰው እንዳይሰለች» ብሎኝ ነበር። እኔም እንደ ሽንኩርት ከተፍኩለት። ዘፈኑ እኮ የትዝታ ነበር! በ1990 የወጣውን የሺኔድ ኦኮነርን «ናቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ» ያየ ሰው ይገባዋል። ክሊፑ አብዛኛው አንድ ፊት ነው፣ ከቅርብ፣ ጥቁር ነገር ፊት ለፊት። እንባዋ ሲወርድ ካሜራው የትም አይሄድም። እንደዚያ ዓይነት ሾት ለማቆየት ኤዲተሩ እጁን መሰብሰብ አለበት፤ እጅ መሰብሰብ ደግሞ ሶፍትዌር ላይ ቁልፍ የለውም።

ቀጥሎ የእንግሊዙን ባንድ የኮልድፕሌይን «ዘ ሳይንቲስት» አስገባሁ። የ2002 ሥራ ነው፣ ዳይሬክተሩ ጄሚ ትሬቭስ። ያላያችሁት ካላችሁ፣ ዘፋኙ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ይጀምርና ከተማውን፣ ጫካውን አቋርጦ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የእሱ ከንፈር ግን ግጥሙን በትክክል ይላል። መጨረሻ ላይ የተገለበጠችው መኪና ተነሥታ መንገዷ ላይ ትመለሳለች።

እኔ ምን አደረግኩ፣ ክሊፑ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጌ ፍጥነት መቀየሪያውን ከፈትኩና ሪቨርስ የምትለዋን ሳጥን ነካሁ። አጫወትኩት። ያን ጊዜ የቀረጻው ቀን ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሁለት ሰዎች መኪና ውስጥ አሉ። አደጋው ይደርሳል። ሰውየው ከመኪናው ወጥቶ እንደማንኛውም ሰው ወደ ፊት ይራመዳል። አፉ ግን የማንም አገር ቋንቋ ያልሆነ ነገር ነው የሚያወራው። ዘፋኙ ክሪስ ማርቲን ዘፈኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ድምፁን ገልብጦ ነው በቃሉ የያዘው። አንድ ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ሾት ቆም እያደረግኩ ከንፈሩን ብቻ ሳይ አመሸሁ። ከንፈሩ ለ«ፒ» እና ለ«ኤም» ሲገጥም ቀጥ ብሎ የተለማመደ መሆኑ ያስታውቃል።

እዚህ ላይ ነው እኛ የምንሳሳተው። ዘፋኝ ሁሉ ሥራው ኤዲቲንግ ላይ የሚያልቅ ይመስለዋል። «ግድ የለም፣ እሷ ኤዲት ላይ ታስተካክለዋለች» ይባላል፣ እኔው እዚያው ቆሜ። «ዘ ሳይንቲስት» ላይ የኤዲተሩ ድርሻ አንዲት ሳጥን መንካት ነው። ወሩን የከፈለው ዘፋኙ ነው። የጃሚሮክዋይ «ቨርቹዋል ኢንሳኒቲ»ም እንዲሁ ነው፤ ወለሉ የሚንሸራተት ይመስላል እንጂ የሚንቀሳቀሱት ግድግዳዎቹ ናቸው። ካሜራው ግድግዳው ላይ ታስሮ አብሮ ይሄዳል፣ ዓይናችን ይታለላል። በ1985ቱ የአ-ሃ ባንድ «ቴክ ኦን ሚ» ደግሞ የእርሳሱ ሥዕል በእጅ ነው የተሣለው፣ ወደ 3,000 የሚጠጋ ፍሬም፣ 16 ሳምንት። ፍሬም በፍሬም ስትሄዱበት መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው የተሣለ ስለሆነ ነው። ዛሬ አንድ ፊልተር ነገሩን በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል። መንቀጥቀጡ ግን አይመጣም።

ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ። እማዬ የመረመረቻት ልጅ ክሊፕ ማለቴ ነው።

ዘፈኑ ፈጣን ነው፤ ምቱ በደቂቃ 120። ዳይሬክተሩ ሁልጊዜ እንደለመደው በሴኮንድ 25 ፍሬም ሊቀርጽ ነበር። የተከራከርኩት እኔ ነኝ። 120 ምት ማለት በየግማሽ ሴኮንዱ አንድ ምት ነው። በ25 ፍሬም ስታስቡት አንዱ ምት 12 ተኩል ፍሬም ላይ ይወድቃል። ተኩል ፍሬም የሚባል ነገር የለም። አንዱን ቁርጥ 12 ላይ፣ ሌላውን 13 ላይ ታደርጋላችሁ፤ ከበሮው ቀድሞ ሥዕሉ ይከተላል፣ ወይ ሥዕሉ ይቀድማል። በ24 ግን ልክ 12 ነው። ታይምላይኑ (ሾቶቹና ዘፈኑ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ዘፈኑን እየሰማሁ ኤም የምትለዋን ቁልፍ በየምቱ ስጫን ምልክቶቹ ተሰልፈው ይቀመጣሉ። (የዘፈኑ ምት 100 ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። ያኔ 25 ይሻላል፣ ምቱ 15 ፍሬም ላይ ይውላል።)

እንጦጦ ላይ የቀረጽነው ክፍል ዘፋኟ በነፋስ ውስጥ የምትራመድበት ነው። ዳይሬክተሩ ስሎው ይሁን አለ። ስሎው ሲሆን ደግሞ ከንፈሯ ከዘፈኑ ይወጣል። መፍትሔው የቆየ ዘዴ ነው፤ ዘፈኑን በአንድ ተኩል ፍጥነት እያጫወታችሁ በሴኮንድ 36 ፍሬም መቅረጽ። ወደ 24 ስትመልሱት ከንፈሯ ከዋናው ዘፈን ጋር ይገጥማል፣ ፀጉሯና ነጠላዋ ግን በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ልጅቷ ስፒከሩ እንደ ጫጩት ሲንጫጫ መጀመሪያ ሳቋ አላቆም አላት። ሦስተኛው ላይ ያዘችው። ሪዞልቭ ላይ የሾቱን ባሕርይ ከፍቼ ፍሬሙን 24 አልኩት፣ ዘፈኑን ከሥሩ አስቀመጥኩ፣ ከንፈሯ ገጠመ። ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ብቻዬን።

ተወዛዋዦቹን ግን በዚህ መንገድ እንዳይቀርጹ ለመንኩ፤ ሁለቱን ሾት ሳያስፈቅዱኝ ቀርጸዋቸዋል። አልተጠቀምኩባቸውም። እስክስታ ቀስ ሲል ይሞታል። የትከሻው ጉዳይ ድንገቴነቱ ነው፣ ሲመታና ሲቆም። ስታለሰልሱት ሰውየው ትከሻውን ያመመው ነው የሚመስለው። ከሩቅ መቅረጽም እንዲሁ ነው፤ ትከሻ ትንሽ ነገር ናት፣ ተራራ ፊት አስቀምጣችሁ አትታይም። ከወገብ በላይ፣ ጠጋ ብሎ።

አሁን ነጠላው። እንጦጦ ከሰዓት በፊት ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፤ ነጭ ነጠላ ላይ ስትወድቅ ካሜራ ይታወራል። ዌቭፎርም የሚባለው ሌላው ሰሌዳ የብርሃኑን መጠን ከ0 እስከ 1023 ይቆጥራል። ነጠላው ከላይ 1023 ላይ ተለጥፎ እንደ ቆርቆሮ ጠርዝ ቀጥ ብሏል። ቀጥ አለ ማለት ውስጡ ምንም የለም ማለት ነው፤ የፈትሉ ሽመና ጠፍቷል፣ ልጅቷ ወረቀት የለበሰች ነው የምትመስለው። ደግነቱ የተከራየነው ካሜራ የብላክማጂክ ነበርና ሮው (ያልተቀነባበረ ጥሬ ፋይል) ነው የቀረጽነው። ሃይላይት ሪከቨሪ የምትል ሳጥን አለች። ስነካት ከዚያ ነጭ ግድግዳ ውስጥ ክሩ ብቅ ብቅ አለ። ብርሃኑን ትንሽ ሳወርደው ሰሌዳው ላይ ያ ቀጥ ያለ ጠርዝ እንደ ሣር መንጨፍረር ጀመረ። እያንዳንዱ ሣር የነጠላው ክር ነው። እንደዚህ ያለ ነገር በነጻ ሶፍትዌር ሳይ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። በተራ ፋይል ቢቀረጽ ኖሮ ግን ክሩ አይመለስም ነበር፤ ያልተቀረጸ ነገር ከየትም አይመጣም።

የታመመው ፊት ደግሞ የቤት ውስጡ ክፍል ላይ ነው። ቦሌ የተከራየነው ቤት ጣሪያው ሙሉ ርካሽ አምፖል ነበር፤ ብርሃኑ አረንጓዴ ይተፋል። መጀመሪያ ሥዕሉን በሙሉ ወደ ማጀንታ ገፋሁት። ፊቷ ዳነ፣ ሀበሻ ቀሚሷ ግን ሮዝ ሆነ። ነጭ ልብስ ሐቀኛ ምስክር ነው፤ ትንሿን ስህተት ሁሉ ያወጣል። ስለዚህ ለየሁት። ሪዞልቭ ከለሩን በኖድ ነው የሚያሠራው፤ እንደ ቧንቧ አንዱን ከአንዱ ትቀጥላላችሁ። አንደኛው ኖድ አጠቃላዩን አስተካከለ። ሁለተኛው ላይ በኳሊፋየር የቆዳዋን ቀለም ብቻ ለቀምኩ፣ ፊቷ ላይ ክብ መስኮት አደረግኩ፣ ትራከሩን አስነሣሁት። ልጅቷ ስትዞር መስኮቱ አብሯት ይዞራል። ይህ ትራከር ጉድ ነው፤ እጇን ፊቷ ላይ ስታሳልፍ ካልሆነ በቀር አልሳተም። ከዚያ ቬክተርስኮፑን እያየሁ መስመሯ ላይ መልሼ አስተኛኋት። እማዬን ጠራኋት። አየችና «ተሻላት፤ ምን ሰጧት?» አለች።

እስካሁን አሞገስኩት፣ አሁን ደግሞ ልማው።

ኮምፒውተር ይበላል። የእኔ ላፕቶፕ 16 ጊጋ ራም፣ 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ አለው። ፊውዥን የሚባለውን የኢፌክት ገጽ በከፈትኩ ቁጥር «የግራፊክስ ሜሞሪህ ሞልቷል» ይለኛል። ፕሮክሲ (ቀለል ያለ የፋይሉ ቅጂ) ሠርቼ፣ ታይምላይኑን ወደ 1080 አውርጄ ነው የምተነፍሰው። 8 ጊጋ ራም ያላችሁ ባትደክሙ ይሻላል። ማውረጃውም ከ2 ጊጋ በላይ ነው፤ እኔ ሌሊት ጥዬው ተኛሁ፣ ጠዋት ተቋርጦ ጠበቀኝ።

ከአንዳንድ ካሜራ የሚወጣ 10 ቢት ፋይል ዊንዶውስ ላይ ነጻው ቅጂ አይከፍተውም። ሥዕሉ የለም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ለዘፈን ክሊፕ ይህ ቀልድ ነው። በሌላ ነጻ ፕሮግራም ቀይራችሁ ታስገባላችሁ፣ የተቀየረው ፋይል ደግሞ ሃርድ ዲስክ ይጨርሳል። የአማርኛ ጽሑፍ ግን አላስቸገረኝም። ፎንቱን ራሳችሁ ምረጡ እንጂ፣ ዝም ካላችሁት ሳጥን ሳጥን ሊደረድርላችሁ ይችላል።

መብራት ሲሄድስ? ይህን አለመጻፍ ግፍ ነው። ላይቭ ሴቭ የሚባል ነገር አለው፤ የነካችሁትን ሁሉ ወዲያው ያስቀምጣል። በአምስት ወር ውስጥ መብራት ስንቴ እንደሄደብኝ እናንተው ገምቱ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ደግሞ ቆይቷል። አንድ ቁርጥ አልጠፋብኝም። ሬንደር እያደረጋችሁ (ያለቀውን ቪዲዮ እያወጣችሁ) ከሄደ ግን አበቃ፣ ከአንድ ትጀምራላችሁ። አንዴ 96 ከመቶ ላይ ሄዶብኛል።

ትልቁ ቅሬታዬ የተቆለፈው ነገር ነው። ነጻው እስከ 4ኬ፣ በሴኮንድ እስከ 60 ፍሬም ያወጣል፤ ለእኛ ከበቂ በላይ ነው፣ ሥዕሉ ላይ የኩባንያውን ማርክም አይለጥፍም። ነገር ግን የጨለማ ሾት ላይ የሚርመሰመሰውን ነጠብጣብ የሚያጠፋው ኖይዝ ሪዳክሽን የለውም። የሚከፈልበት ስቱዲዮው ቅጂ ላይ ነው ያለው። የብርሃን ብልጭታ የሚያስተካክለው ዴፍሊከርም እዚያው ነው። ነጻው ላይ ስትጎትቱት ይመጣና ሥዕሉ መሃል ማርክ ይደቅንባችኋል። አሳይቶ መንሳት።

ዴፍሊከሩን ደግሞ ፈልጌው ነበር። የቤት ውስጡ ቀን ካሜራማኑ ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን የሴኮንድ ክፍልፋይ) 1/60 ላይ ረስቶታል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በ24 ፍሬም ስትቀርጹ ሻተሩን 1/50 ካላደረጋችሁት አምፖሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሥዕሉ ላይ ጥላ ጥላ ይወርዳል። የካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ላይ አይታይም። ቤት ስደርስ ታየ። ያንኑ ሾት ደርቤ፣ የላይኛውን በአንድ ፍሬም አዘግይቼ ግማሽ በግማሽ አሳሳሁት። የድሃ ዴፍሊከር ነው። ጥላው ቀነሰ፣ ልጅቷ ስትንቀሳቀስ ግን መንታ ትመስላለች። ስድስቱን ሾት ጣልኩ። አንዷን ግን መጣል አልቻልኩም፤ ልጅቷ የሳቀችባት ብቸኛ ሾት ናት።

ስቱዲዮው 295 ዶላር ነው፣ አንዴ ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ። የወር ክፍያ የለም፣ አዲስ ቅጂ ሲወጣም እስካሁን አላስከፈሉም። የብላክማጂክ ፖኬት ካሜራ የገዛ ሰው አብሮ ያገኘዋል። አሜሪካ ላለ ኤዲተር ይህ ዋጋ የምሳ ወሬ ነው። እኛ ጋ ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ስታሰሉት ካልኩሌተሩ ያፍራል፤ ብሩ ቢገኝም ካርዱ ከየት ይመጣል? ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ ይዛልኝ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ። እሷ ደግሞ ገና ያለችው የቱን ገና እንደሆነ አልገለጸችም።

ለጀማሪ የምመክረው ነጻውን ነው፣ ያለ ማቅማማት። ሠርግና ክሊፕ ለሚሠራም ነጻው ይበቃል፣ የማታ ሠርግ ካልበዛበት። የማታ ሠርግ የሚበዛበት ሰው ኖይዝ ሪዳክሽኑን ሳያገኝ አይዘልቅም።

ክሊፑ ባለፈው ዓርብ ተለቀቀ። ቅዳሜ ጠዋት ካሜራማኑ ደወለ። ሰላምታም የለ።

«ሁለት ደቂቃ ከአስራ አንድ ላይ ያለችውን ሾት ለምን አስገባሻት? አምፖሉ እኮ ይርገበገባል!»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ታዲያ አታስተካክያትም ነበር?»

«ማስተካከያዋ 295 ዶላር ነው። ግማሹን ትችላለህ?»

ኔትወርኩ ተቆራረጠ አለና ዘጋው።